የማይለበስ ልብስ ላለመግዛት፦ ከቁምሳጥን እስከ ቦንዳ ክምር

ቁምሳጥኑ ሞልቶ የሚለበስ ልብስ የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። የኔም ቤት እንደዛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም አውጥቼ ስቆጥር አንዴም ያልለበስኳቸው 11 ልብሶች አገኘሁ። የሦስቱ የዋጋ ወረቀት ገና አልተቆረጠም። አንዱንም "እጥለዋለሁ" ብዬ አልገዛሁትም። ሲገዛ ወይ ቆንጆ ነበር፣ ወይ ርካሽ ነበር፣ ወይ በዓል ደርሶ ነበር።

ስህተቱ የተሠራው ሻጩ ፊት አልነበረም። ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ከቤት ስወጣ ነው የተሠራው። ለዚህ ነው የዚህ መመሪያ ትልቁ ዝግጅት ቤት ውስጥ የሚያልቀው። እሱን ዘላችሁ ወደ ገበያው ክፍል አትሂዱ።

አዘጋጁ

- ልብስ ሰፊ የሚለካበት ለስላሳ ሜትር
- ስልክ ወይም ወረቀትና እስክሪብቶ
- መርፌ፣ ክር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ
- መዳፍ የምታክል ነጭ የጥጥ ጨርቅ
- ሁለት ካርቶን እና አንድ ማዳበሪያ
- ሌላ ሥራ የሌለበት ግማሽ ቀን

ደረጃ 1፦ ቁምሳጥኑን ባዶ አድርጉ

1. ልብሱን በሙሉ አልጋ ላይ አውጡ። ሻንጣ ውስጥ ያለውን፣ አልጋ ስር ያለውን፣ ለእጥበት የተቀመጠውንም ጨምሩ። የተደበቀ ካለ ቆጠራው ውሸት ይሆናል።
2. አንድ በአንድ አንሱና "ባለፈው አንድ ዓመት ለብሼዋለሁ?" በሉ። አንድ ዓመት ያልኩት ክረምቱም በጋውም በዓሉም እንዲገባበት ነው።
3. ለአራት ክፈሉ፦ የሚለበስ፣ ተጠግኖ የሚለበስ፣ ለሌላ ሰው የሚሆን፣ ያለቀ።
4. የሚለበሰውን በዓይነት ቁጠሩና መዝግቡ። ስንት ሱሪ፣ ስንት ሸሚዝ፣ ስንት ሹራብ፣ በምን በምን ቀለም።
5. ያልለበሳችሁት እያንዳንዱ ልብስ አጠገብ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ። "ትከሻው ጠበበኝ"፣ "ያሳክካል"፣ "አብሮት የሚለበስ የለም"፣ "ያልበኛል"።

አምስተኛውን አትዝለሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። እኔ ከ11ዱ ሰባቱ ላይ "አብሮት የሚለበስ የለም" ብዬ ነው የጻፍኩት። ችግሬ የገንዘብ ወይም የልክ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቴ ካለው ጋር የማይገናኝ ነገር እየገዛሁ ነው።

*እዚህ ላይ ከተቸገራችሁ፦* "ስቀጥን እለብሰዋለሁ" የምትሉት ልብስ ካለ ዛሬ አትወስኑበት። ካርቶን ውስጥ ክተቱት፣ ካርቶኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። ስድስት ወር ሙሉ ካልፈለጋችሁት ለሌላ ሰው ይሂድ። የእናት ነጠላ፣ የሠርግ ልብስ፣ የልጅ የክርስትና ልብስ ከዚህ ሥራ ውጭ ነው፤ አትንኩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የትዳር ጓደኛችሁንም ሆነ የትልቅ ልጃችሁን ልብስ ሳትጠይቁ አታውጡ። በዚህ የተነሣ የሚመጣው ኩርፊያ ሥራውን በሙሉ ያስቆመዋል።

ደረጃ 2፦ ልካችሁን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ

የልብስ ቁጥርን ማመን ትልቁ ወጥመድ ነው። የእንግሊዝ 12 በአሜሪካ 8፣ በጣሊያን 44 ተብሎ ይጻፋል። ቦንዳ ውስጥ ደግሞ የሁሉም አገር ልብስ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። አዲስ ልብስ ላይም ቢሆን የአንዱ ፋብሪካ "ኤል" የሌላው "ኤም" ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ገላችሁን ሳይሆን በደንብ የሚሆናችሁን ልብስ ለኩ።

1. የምትወዱትን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከአንዱ ትከሻ ስፌት እስከ ሌላኛው፣ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ታች፣ የእጅጌውን ርዝመት ለኩ።
2. የሚስማማችሁን ሱሪ ዘርጉ። ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ጭኑን፣ በውስጥ በኩል ከመቀመጫው ስፌት እስከ ታች ለኩ።
3. በሴንቲሜትር ጽፋችሁ በስልክ አስቀምጡ።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ልብስ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ይህንን ልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። እናንተም ላኪዎቹ ከሆናችሁ ሳትጠይቁ አትግዙ። በ23 ኪሎ ሻንጣ ታጭቆ መጥቶ ለማንም ሳይሆን የሚቀር ልብስ እጅግ ብዙ ነው። ተቀባዩም "አልሆነኝም" ለማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ላኪው በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ ይልካል።

ደረጃ 3፦ ዝርዝር ጻፉ፣ ቀን ምረጡ

ዝርዝሩ የሚወጣው ከቆጠራው ነው። "ልብስ" ብላችሁ አትጻፉ። "ጥቁር የሥራ ሱሪ፣ ከሦስቱ ሸሚዞቼ ጋር የሚሄድ" ብላችሁ ጻፉ። ቤት ካለው ቢያንስ ከሦስት ልብስ ጋር የማይለበስ ነገር ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

የበዓል ዋዜማ ሳምንት ላይ አትውጡ። ዋጋ ይጨምራል፣ ግፊያ አለ፣ ለመመርመር ጊዜ የለም። የልጆችን የእንቁጣጣሽ ልብስ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ ጨርሱ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እንላለን፤ ግን ለጥምቀት ብቻ የሆነ ቀሚስም ቁምሳጥን ነው የሚሞላው። የሐበሻ ልብስ የምታሠሩ ከሆነ ሺሮ ሜዳ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ከበዓሉ በኋላ ቅዳሴም ሠርግም የሚለበስ ጥለት ምረጡ። ለሚዜነት አንድ ቀን የሚለበስ ሱፍ ወይም ቀሚስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኪራይ ጠይቁ።

በቀን ብርሃን ሂዱ። ስስ ልብስ ልበሱ፤ ላዩ ላይ ለመሞከር ይመቻል። ለልብስ ያሰባችሁትን ብር ለይታችሁ ያዙ።

ደረጃ 4፦ ልብሱን መርምሩ

አብዛኛው ሰው ፊቱን አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆ ይከፍላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡት። ቦንዳም ይሁን ቡቲክ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ሀ. ወደ ብርሃን ያዙት። ቀዳዳና የሳሳ ቦታ የሚታየው ከኋላው ብርሃን ሲመጣ ነው። ክርኑን፣ ጉልበቱን፣ የሱሪውን መቀመጫ፣ ሁለቱ ጭኖች የሚፋተጉበትን ቦታ እዩ።

ለ. ብብቱንና ኮሌታውን ግለጡ። የቆየ የላብ ቢጫ በአብዛኛው አይለቅም። "ስታጥቢው ይሄዳል" ቢሏችሁም ተዉት።

ሐ. ገልብጡት። ውስጡ በደንብ ካልተዘመዘመ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይተረተራል። ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በክሮቹ መሃል ክፍተት ከታየ ወይ ክሩ ደካማ ነው ወይ ስፌቱ ጨርቁ ጫፍ ላይ ነው።

መ. ዚፑን ሦስት ጊዜ አውጡ፣ አውርዱ። ቁልፎቹን ቁጠሩ። ላስቲኩን ስባችሁ ልቀቁ፤ ቶሎ ካልተመለሰ አልቆለታል።

ሠ. ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጡ። እስከ አስር ቆጥራችሁ ልቀቁ። ተጨማዶ ከቀረ ሁልጊዜ ካውያ ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ረ. አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ለመልቀቅ አስቸጋሪ ነው። ኃይለኛ ሽቶ ከተነፋበትም ምን እየተሸፈነ እንደሆነ ጠይቁ።

ሰ. ቀለሙን ፈትኑ። ነጯን ጨርቅ አርጥቡና ውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ ሻሹት። ጥቁር ጂንስ፣ ቀይና ሰማያዊ ልብስ ላይ በተለይ። ብዙ ቀለም ከያዘች ልብሱ ሌላውንም ያበላሻል።

የሚጠገነውና የማይጠገነው

ጉድለት አየን ማለት ሁሌ እንመልሰው ማለት አይደለም። የወለቀ ቁልፍ፣ የተከፈተ ስፌት፣ የረዘመ ሱሪ፣ ትንሽ የሰፋ ወገብ ለልብስ ሰፊ ቀላል ነው። ዚፕ መቀየርም ይቻላል፤ ዋጋውን ግን አብራችሁ ደምሩ።

የማይስተካከለው ትከሻ ነው። ትከሻው ካልሆናችሁ ልብሱ አልሆነም። ኮት ላይ ትከሻ ማስተካከል ልብሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ማለት ነው። ታጥቦ የተኮማተረ የሱፍ ሹራብ፣ ጭኑ ላይ የሳሳ ሱሪ፣ ጉልበቱ ተነፍቶ የቀረ የሚለጠጥ ጂንስም እንደዚያው ናቸው።

ለልጅ ስትገዙ "ያድግበታል" ብላችሁ በሁለትና በሦስት ቁጥር አትብለጡ። እስኪያድግበት ያልቃል ወይም ይረሳል። በአንድ ቁጥር ብቻ አብልጡ፣ ርዝመቱን በእጅ ስፌት እጠፉ፣ ሲያድግ ፍቱት።

ጨርቁን እወቁ

ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን፣ የጨርቁ ዓይነት የተጻፈባትን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ይታጠባል፣ ሲያረጅም ለሌላ ሥራ ይውላል። ፖሊስተር ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ላብ አይመጥጥም፣ ሽታ ይይዛል፣ ቢጣል አይበሰብስም፤ በታጠበ ቁጥርም ደቃቅ የፕላስቲክ ክር ከውሃው ጋር ይለቃል። ለዝናብ ጃኬት ወይም ለስፖርት ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ለሚለበስ ሸሚዝ አልመክረውም። አክሪሊክ (ሱፍ የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር) ሹራብ ሲገዛ ለስላሳ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ትንንሽ እንክብል ያወጣል። ቪስኮስ ከእንጨት የሚሠራ፣ ደስ የሚል ጨርቅ ነው፤ ሲርስ ስለሚደክም ግን ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት።

ጽሑፉ ተቆርጦ ከወጣ ቤት ወስዳችሁ በክር ፈትኑ። ከውስጠኛው እጥፋት ሁለት ሦስት ክር ምዘዙ። በወረንጦ ያዙና ውሃ ያለበት ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱ።

- ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ስትነኩት የሚበን አመድ ይተዋል። ቪስኮስም እንዲሁ ነው፤ ይህ ፈተና ሁለቱን አይለያቸውም።
- ፖሊስተር ይሸበሸባል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።
- ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ።
- የመንደድም የመቅለጥም ምልክት ካሳየ ቅልቅል ነው።

ልጆች ባሉበት አታድርጉት። ልብሱን ሳይሆን ክሩን ብቻ ለኩሱ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሐበሻ ልብስ መስሎ የታተመ ሽፎን ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ነገር ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ለትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ ለሚቆም ልጅ፣ ደመራ ዙሪያ ለሚቆም ሰው እባካችሁ የጥጥ ልብስ አልብሱ። ጥጥም ይቀጣጠላል፤ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።

ደረጃ 5፦ ከመክፈላችሁ በፊት

1. ልበሱት። መልበሻ ከሌለ ስልካችሁ ላይ ካለው ልክ ጋር በሜትር አስተያዩት።
2. ሂሳቡን ሥሩ። 600 ብር የተገዛ ሸሚዝ አራት ጊዜ ብቻ ከተለበሰ አንዱ ቀን 150 ብር ወጣበት። 3,000 ብር የወጣበት ሱሪ መቶ ጊዜ ከተለበሰ አንዱ ቀን 30 ብር ነው። ለራሳችሁ ሐቁን ንገሩ፦ ይሄን በወር ስንት ቀን እለብሰዋለሁ?
3. "ዞሬ ልምጣ" በሉና ውጡ። ግማሽ ሰዓት ሌላ ቦታ ቆዩ። ከረሳችሁት አያስፈልጋችሁም ነበር። ከተመለሳችሁና ከተሸጠ ደግሞ ዝርዝሩ ቤት አለ፤ ሌላ ቀን ይገኛል።
4. "ካልሆነኝ ትቀይሩልኛላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ካለ መቀየር አለመቀየሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

"ሦስቱን ውሰጂ፣ እቀንስልሻለሁ" ሲሏችሁ አመስግኑና አንዱን ብቻ ውሰዱ። ቅናሹ የሚጠቅመው ሦስቱም ዝርዝራችሁ ላይ ካሉ ብቻ ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ስትገዙ

ፎቶውን አትመኑ። እኔ ጥጥ ነው ተብዬ ያዘዝኩት ቀሚስ ሲደርስ ውስጥ የሚያሳይ ስስ ፖሊስተር ነበር። ያመጣው ልጅ ሞተሩን አዙሮ ከሄደ በኋላ ነው የከፈትኩት፤ ሻጩም ስልክ አላነሳም። አሁን አራት ነገር ሳይሟላ አላዝም፦ ልብሱ ተዘርግቶ ሜትር የተቀመጠበት ፎቶ፣ የውስጥ ጽሑፉ ፎቶ፣ በቀን ብርሃን የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ፣ ክፍያው ዕቃው ከታየ በኋላ። "መጀመሪያ በቴሌብር ክፈሉ" ካሉ ተዉት። የዴሊቨሪውን ሂሳብ ከልብሱ ዋጋ ጋር ደምሩ። ያመጣው ሰው ሳይሄድ በሩ ላይ ክፈቱና መርምሩ።

ደረጃ 6፦ ቤት ሲደርስ

ቦንዳ ልብስ በቀጥታ አልጋ ላይ ወይም ቁምሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ።

1. ስፌቱንና ኪሱን ፈትሹ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ትኋን ካያችሁ ቤት አታስገቡት። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል።
2. ሙቅ ውሃ የሚችለውን እጅ በሚያቃጥል ሙቅ ውሃና በኦሞ ቢያንስ አስር ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ።
3. ሙቅ ውሃ የማይችለውን ሱፍ ወይም ኮት አፉን ባሰራችሁት ከረጢት ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩ። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ አይኖርም። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት።
4. ጥቁርና ደማቅ ልብስን የመጀመሪያ ሁለት ጊዜ ለብቻው እጠቡ። ጨው ቀለም ያስይዛል በሚለው አትተማመኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ሱፍና ሐርንም ይበላል።

*ቀለም ወደ ሌላ ልብስ ከሄደ፦* አታድርቁት፣ ካውያም አታስነኩት። እርጥብ እንዳለ ወዲያው በአዲስ ውሃና ሳሙና ደግማችሁ እጠቡ። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ በጣም ይከብዳል።

ደረጃ 7፦ ወደ ልብስ ሰፊው በሳምንት ውስጥ

"አሳጥረዋለሁ" የተባለ ሱሪ ሳምንት ካለፈው ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ በገዛችሁ በሰባት ቀን ውስጥ ውሰዱት።

- መጀመሪያ እጠቡት። ጥጥ ከታጠበ በኋላ ሊያጥር ይችላል። ሳይታጠብ የተቆረጠ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።
- አብሮት የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።
- የሚታጠፍበትን በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጉ። "ትንሽ አጥብበው" ማለት አይበቃም፤ የእናንተ ትንሽና የሱ ትንሽ አንድ አይደለም።
- "ትርፉን አትቁረጠው፣ ወደ ውስጥ እጠፍልኝ" በሉት። ነገ ማስረዘም ወይም ለሌላ ሰው ማስተካከል ይቻላል። ብዙ ሱሪ የተበላሸው ይህች አንዲት ቃል ሳትነገር ቀርታ ነው።

ደረጃ 1 ላይ "ተጠግኖ የሚለበስ" ያላችሁትንም አብራችሁ ውሰዱ።

ደረጃ 8፦ የሚወጣውን አስተካክላችሁ አውጡ

ለሰው የሚሰጥ ልብስ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ታጥፎ ይሰጣል። እናንተ ለወንድማችሁ የማትሰጡትን ለማንም አትስጡ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለሰፈር ሰው ከመውሰዳችሁ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። የልጅ ልብስና ብርድ ልብስ የሚፈልጉ ሰዎች ጋ የምሽት ቀሚስ መውሰድ ሸክሙን ማዛወር ነው።

ሰፈር ውስጥ "ልዋጭ!" ሲል ለሚሰማው ሰው የሚለበሰውን ስጡ፤ ሳፋም ብርጭቆም ይሰጣችኋል። ግን ለሳፋው ብላችሁ ገና የሚያስፈልጋችሁን ልብስ አታውጡ።

ያለቀውን በጨርቁ ለዩት። ጥጥ ካኒቴራና አንሶላ ውሃ ስለሚመጥ መወልወያ፣ የወጥ ቤት ጨርቅ፣ የጫማ መጥረጊያ ይሆናል። ፖሊስተር ውሃ ስለማይመጥ ለመወልወያ አይረባም፤ ቆራርጣችሁ ለትራስ ወይም ለመከዳ መሙያ አድርጉት። ከሰል ለማያያዝ ወይም ግቢ ውስጥ ለማቃጠል ግን አትጠቀሙበት። የሚወጣው የፕላስቲክ ጭስ ነው፤ ምድጃው ላይ ደግሞ ምግባችሁ አለ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የሚተርፍ ቁራጭ ይኖራል። ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ከመስጠታችሁ በፊት ቁልፎቹን፣ ደህናውን ዚፕ፣ የቀበቶ ዘለበቱን ቁረጡና ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ የወለቀበት ጥሩ ሸሚዝ ስታገኙ ቤታችሁ ያለውን ታውቃላችሁ።